ያውቁ ኖሯል? የዶሮዋ ጥናት፣ የውሻዋ ስም፣ የሊቁ ቁጥር

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በውጭ መጽሔት ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እሱ ሳይሆን አባቱ ነው። አበበ ከበደ የሚባል የኢሚዩኖሎጂ ተመራማሪ አለ እንበል። ስለ ቲቢ ዓመታት የደከመበት ጽሑፍ ታትሞ ሲወጣ ጠቃሹ ሁሉ «ከበደ እና ሌሎች» ብሎ ያልፋል። የፈረንጅ መዝገብ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፤ የባለቤቱን ስም ደግሞ አሳጥሮ በአንዲት ፊደል ያስቀራታል፤ «ከበደ አ.»። የአያት ስም ከተጨመረበት ክብሩ ወደ አያት ይሻገራል። ጋሽ ከበደ ግን ዕድሜያቸውን በሬ ጠምደው ያረሱ፣ የላቦራቶሪ ደጃፍ ያልረገጡ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚያ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። ያው ሰው ስሙን በላቲን ሲጽፍ «ፀ»ን አንዴ በሁለት ፊደል ይጀምራታል፣ ሌላ ጊዜ በአንድ። ኮምፒዩተሩም ሁለት ሰው አድርጎ ይመዘግበዋል። 30 ሥራ ያለው ሰው 18 ሥራ ያለውና 12 ሥራ ያለው ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። በ2012 (በዚህ ዓምድ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ መለያ ተጀመረ። ስሙ በየጽሑፉ ቢለዋወጥም ቁጥሩ አንድ ሆኖ ይከተለዋል።

ያውቁ ኖሯል? ማን ማንን ጠቀሰ የሚለው ቆጠራ የመጣው ከጠበቆች ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ሐሳባቸውን በ1955 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡ፤ ትልቁን የጥቅስ መዝገባቸውን በ1964 አሳተሙ። መነሻቸው «ሼፐርድ» የሚባል የቆየ የሕግ መዝገብ ነበር። የአሜሪካ ጠበቃ አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋላ በየትኛው ችሎት እንደተጠቀሰ፣ እንደጸና ወይም እንደተሻረ የሚያየው በዚያ ነው። ጠበቃው የተሻረውን ከጸናው ለይቶ ያያል። ሳይንሱ መዝገቡን ሲዋስ ግን መለያውን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ወሰደ።

ይህ ምን ጣጣ እንዳመጣ ለማየት የእንግሊዛዊውን ሐኪም የአንድሩ ዌክፊልድን ጽሑፍ ማንሳት ይበቃል። በ1998 «ላንሴት» ላይ ወጣ፤ 12 ልጆችን ብቻ ይዞ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ሊያያይዝ ሞከረ። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ። ከተሰረዙ የሕክምና ጽሑፎች ሁሉ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ይኸው ነው። ጠቃሾቹ በአብዛኛው ሊነቅፉት የጠቀሱት ናቸው፤ ቆጣሪው ግን እርግማኑንም ምርቃቱንም እኩል «አንድ» ብሎ ይደምራል።

ሌላው ቁጥር ኤች-ኢንዴክስ ነው። በ2005 ያመጡት ሆርሄ ኸርሽ የፊዚክስ ሰው ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሥራዎችዎን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረው በተርታ ይደርድሩ፤ 15 ሥራዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 15 ጊዜ ከተጠቀሱልዎት፣ 16 ሥራ ግን 16 ጊዜ ካልሞላልዎት፣ ቁጥርዎ 15 ነው። ሁለት ብቻ የጻፈ ሰው ሁለቱም መቶ ሺህ ጊዜ ቢጠቀሱለት ከ2 አያልፍም። እድሜው የገፋ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም ቁጥሩ ያድግለታል እንጂ አይወርድበትም። ይህን ልነግረው የሞከርኩት አንድ ወዳጄ አለ፤ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ጉግል ስኮላርን የሚከፍት። ከትናንት አንድ ጥቅስ ከጨመረ ማኪያቶ ይጋብዛል። ድርጅቱ የተደጋገመውን አጥርቶ ሁለት ጥቅስ የቀነሰበት ቀን ግን ስልክም አላነሳልኝ።

ያውቁ ኖሯል? በዓለም በብዛት የተጠቀሰው የሳይንስ ጽሑፍ መድኃኒት አላገኘም፣ በሽታም አልፈታም። ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቻቸው በ1951 ያወጡት፣ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ የሚለካበት ዘዴ ነው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ዘዴውን በላቦራቶሪው የተጠቀመበት ሁሉ መጥቀስ ስላለበት ነው። ላውሪ ራሳቸው ከሥራዎቻቸው ትልቁ አድርገው አያዩትም ነበር፤ በዝናው በሆዳቸው ደስ መሰኘታቸውን ግን አልደበቁም።

በተቃራኒው፣ የደም ዓይነት መኖሩ መጀመሪያ የታተመው በግርጌ ማስታወሻ ነው! ቪየናዊው ካርል ላንድስታይነር በ1900 በሌላ ጉዳይ ላይ በጻፉት ጽሑፍ ግርጌ፣ የአንዱ ጤነኛ ሰው የደም ውኃ የሌላውን ጤነኛ ደም እንደሚያጓጉል ጠቆሙ። በዓመቱ ዘርዘር አድርገው ጻፉት። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ1930 ነው። ዛሬ ደም ባንክ ገብቶ «ኦ ፖዘቲቭ ነኝ» የሚል ሰው ላንድስታይነርን አይጠቅስም፤ ስለ ደም ዓይነት የሚጽፈው ተመራማሪም ብዙ ጊዜ አይጠቅሳቸውም። ሐሳቡ የሁሉም ስለሆነ ባለቤቱ ተረሳ።

የዚህ ዓይነቱን መረሳት አጥንተው ስም ያወጡለት የሶሲዮሎጂ ሊቁ ሮበርት መርተን ናቸው። እኒሁ ሰው በ1968 «የማቴዎስ ውጤት» የሚል ሌላ ስያሜ ሰጥተዋል። ምንጩ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25፣ ያ የመክሊቱ ምሳሌ ነው። ስም ያለው ሳይንቲስት ስም ከሌለው ጋር ሲጽፍ ምስጋናው ሁሉ ወደ ባለ ስሙ ይፈስሳል የሚል ነው። ያውቁ ኖሯል? ጽሑፉ በአብዛኛው የቆመው ሃሪየት ዙከርማን የኖቤል ተሸላሚዎችን እየዞሩ ባደረጓቸው ቃለ መጠይቆች ላይ ነበር፤ የወጣው ግን በመርተን ስም ብቻ ነው። መርተን ከዓመታት በኋላ «የሁለታችን ስም ሊኖርበት ይገባ ነበር» የሚል ትርጉም ያለው ኑዛዜ ጻፉ። በ1993 ተጋቡ።

አሁን ወደ ዶሮዋ እንምጣ። ከዶሮ አንጀት ጫፍ፣ ከመቀመጫዋ በላይ፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች። በፓዱዋ ያስተምሩ የነበሩት ፋብሪሲየስ የገለጿት ጽሑፍ በ1621 ታተመ፤ ከዚያ በኋላ ከ300 ዓመት በላይ ጥቅሟን ያወቀ አልነበረም። ጫጩቷ እያደገች ስትሄድ ከረጢቷ ትሟሽሻለች። የኛ እናቶች ዶሮ ሲገነጥሉም ከዐሥራ ሁለቱ ብልት አልቆጠሯትም። በ1950ዎቹ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ብሩስ ግሊክ ከረጢቷን እያወጡ ምን እንደሚቀር ይፈትሹ ነበር፤ ምንም አላገኙም። አንድ ቀን ጓደኛቸው ቲሞቲ ቻንግ ለክፍል ማሳያ ቄብ ዶሮዎች ተዋሷቸው። ሥራው ተራ ነበር፤ ዶሮዎቹን ሳልሞኔላ መውጋት፣ ከዚያም ደማቸው ውስጥ አንቲቦዲ (ወራሪን የሚይዝ ፕሮቲን) መፈጠሩን ለተማሪዎች ማሳየት። ቻንግ ተማሪዎቹ ፊት አፈሩ፤ ከአንዳንዶቹ ዶሮዎች ደም አንቲቦዲ ጠፋ። የዶሮዎቹ ቁጥር ሲመሳከር ከረጢታቸው የወጣባቸው ሆነው ተገኙ።

ሁለቱ ጽሑፋቸውን ወደ «ሳይንስ» ላኩት። ተመለሰ። በ1956 የወጣው ዶሮ አርቢዎችና የእርባታ ባለሙያዎች በሚያነቡት «ፖልትሪ ሳይንስ» ላይ ነው። ኢሚዩኖሎጂስቶች ዓመታት አልፈው አገኙት። ዛሬ ሐኪምዎ አንቲቦዲ የሚሠሩትን ሕዋሳት «ቢ ሴል» ሲሉ ያቺ «ቢ» የከረጢቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል ናት፤ ቡርሳ። «ቲ ሴል» ውስጥ ያለችው «ቲ» ደግሞ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው የታይመስ ዕጢ ናት። የታይመስን ጥቅም ዣክ ሚለር በ1961 «ላንሴት» ላይ ሲጽፉ ብዙው ሰው ዕጢውን የሞቱ ነጭ ሕዋሳት መቃብር አድርጎ ነበር የሚያየው። ሚለር ኖቤል አላገኙም።

የተመለሰ ጽሑፍ ካነሳን የሮዛሊን ያሎውን ደብዳቤ መዝለል አይቻልም። ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1955 ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ኢንሱሊኑን የሚይዝ አንቲቦዲ አገኙ። የዘመኑ ሊቃውንት ኢንሱሊን ትንሽ ስለሆነ አንቲቦዲ አያስነሳም ባዮች ነበሩ። ሁለት መጽሔቶች መለሱባቸው። አንደኛው በመጨረሻ ሲቀበል «አንቲቦዲ» የሚለው ቃል ከርዕሱ እንዲወጣ ሆነ፤ በምትኩ «ግሎቡሊን» የሚል ለዘብ ያለ ቃል ገባ። ያሎው የእምቢታውን ደብዳቤ 22 ዓመት አስቀመጡት። በ1977 ስቶክሆልም ላይ የኖቤል ንግግራቸውን ሲያደርጉ አውጥተው ለዓለም አሳዩት። ቂም በዚህ መልክ ሲሆን ያምራል! በርሰን በ1972 አርፈው ስለነበር ያንን ቀን አላዩም።

ያውቁ ኖሯል? ዛሬ ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡት ውድ የአንቲቦዲ መድኃኒቶች የመጡበት ጽሑፍ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ከለርና ሚልስታይን በ1975 «ኔቸር» ላይ አወጡት፤ የፈጠራ መብት አልተመዘገበለትም፤ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት።

በጤና ሳይንስ ጽሑፍ ላይ የስሞች ተራ የራሱ ሕግ አለው። መጀመሪያ የሚጻፈው ሥራውን የሠራው፣ ብዙ ጊዜም ወጣቱ ነው። መጨረሻ የሚጻፈው የላቦራቶሪው አለቃ ነው። መሐል ያሉትን ማንም አያስታውሳቸውም። በጥምቀት ሰንበት ተማሪው ቀድሞ ታቦቱ ከኋላ እንደሚመጣው ማለት ነው።

በ2005 «ኢሚዩኒቲ» ላይ በወጣ አንድ ጽሑፍ ስማቸው መጀመሪያ የተጻፈው ግን ወጣት አልነበሩም፤ 50 ዓመታቸው ነበር። የሥጋ ቆራጭ ልጅ ናቸው፤ ሀንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮ። በ1985 ከባለቤታቸውና ከትንሿ ልጃቸው ጋር ወደ አሜሪካ ሲሄዱ መኪናቸውን ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ በልጅቷ አሻንጉሊት ድብ ውስጥ ሰፍተው ነበር። እኛ በነጠላ ጫፍ እንቋጥራለን፤ እሳቸው በድብ ሆድ። በ1995፣ ኤምአርኤንኤን (ለሕዋስ የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ የሚያደርሰውን ሞለኪውል) መድኃኒት ለማድረግ ገንዘብ የሚሰጥ ሲያጡ፣ ይሠሩበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ ከደረጃቸው ዝቅ አደረጋቸው። እሳቸው ግን ሙከራቸውን ቀጠሉ።

ከድሩ ዋይስማን ጋር የተዋወቁት ኮፒ ማሽን ላይ ነው። መጽሔት በስልክ በማይነበብበት በ1997 አካባቢ፣ ሁለቱም የሌሎችን ጽሑፍ ኮፒ ለማድረግ ተራ ይጠብቁ ነበር። አንዷ ኤምአርኤንኤ እሠራለሁ አለች፣ ሌላው ክትባት እፈልጋለሁ አለ። ችግሩ በላቦራቶሪ የተሠራ ኤምአርኤንኤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጠባቂ ሕዋሳቱ እንደ ወራሪ ቆጥረውት ማስጠንቀቂያ መደወላቸው ነው። መፍትሔው ለአማርኛ አንባቢ የቅርብ ነገር ነው። ኤምአርኤንኤ በአራት ፊደላት የሚጻፍ ጽሑፍ ነው። ካሪኮና ዋይስማን አንዷን ፊደል፣ ዩሪዲንን፣ በሞክሼዋ ለወጧት። ጸሎትን በጸሎቱ «ጸ» ይጻፉት በፀሐዩ «ፀ» ንባቡ አንድ ነው፤ ሕዋሱም እንደዚሁ ያንኑ ፕሮቲን አንብቦ ይሠራል። ጠባቂው ግን አዲሷን ፊደል ሲያይ ደወሉን አይነካም።

ጽሑፉን «ኔቸር» አልተቀበለውም፤ በነበረው ላይ ትንሽ የሚጨምር ነው የሚል ግምት ተሰጠው። «ኢሚዩኒቲ» ሲያወጣው ሁለቱ ስልክ ይጎርፋል ብለው ጠበቁ። ዝም አለ። ከ15 ዓመት በኋላ ኮሮና መጣ። የፋይዘርና ባዮንቴክም፣ የሞደርናም ክትባት የተጻፈው የዚያች ፊደል የቅርብ ዘመድ በሆነች ፊደል ነው። ያን ያህል ጊዜ ተኝቶ የቆየው የጥቅስ ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። በ2023 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ካሪኮ ዩኒቨርሲቲው ዝቅ ባደረጋቸው ሰሞን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሥራቸውን የሚደግፍ ቁጥር የሚገኝ አይመስለኝም።

ደግሞ ቁጥር ሞልቶ ሽልማት የሚቀርበትም አለ። የኦሳካው ሺዙኦ አኪራ በ2006 እና በ2007 በዓለም በጣም ትኩስ ጽሑፍ ያለው ተመራማሪ ተብለው ከመዝገቡ አናት ወጡ። ሰውነት ወራሪን በመጀመሪያው ቅጽበት እንዴት እንደሚለይ ካሳዩት ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በ2011 ለዚሁ ዘርፍ ኖቤል ሲሰጥ ግን ወደ ቦይትለርና ሆፍማን ሄደ። ቻርልስ ጄንዌይም በ1989 ይህ ሥርዓት መኖር አለበት ብለው አንዳች ሙከራ ሳይሠሩ በሐሳብ ብቻ የተነበዩ ሰው ነበሩ፤ በ2003 ስላረፉ ቀረባቸው። 24 ኢሚዩኖሎጂስቶች የጄንዌይና የባልደረባቸው የመድዚቶቭ ድርሻ ተዘለለ ብለው «ኔቸር» ላይ ደብዳቤ ጻፉ።

የዚያኑ የ2011 ሽልማት ግማሹን የወሰዱት ራልፍ ስታይንማን ናቸው። ወራሪን ለተከላካይ ሕዋሳት የሚያሳየውን ዴንድሪቲክ ሕዋስ ከዛንቪል ኮን ጋር በ1973 ሲያስተዋውቁ ብዙው ሰው አላመናቸውም ነበር። የቆሽት ካንሰር ሲይዛቸው በዚያው ሕዋስ በተሠራ ሕክምና ራሳቸውን ሞከሩ። ኦክቶበር 3 ቀን 2011 ስማቸው ሲታወጅ በሕይወት አልነበሩም፤ ከሦስት ቀን በፊት ሞተዋል፣ ኮሚቴው አላወቀም። ለሞተ ሰው አይሰጥም የሚለው ደንብ ቢኖርም ውሳኔው ጸና።

ያውቁ ኖሯል? በ2025 ፍሬድ ራምስዴል ኖቤል ሲያሸንፉ ስልካቸው ዝም ብሎ ተራራ ላይ በእግር ጉዞ ላይ ነበሩ። ሜሪ ብራንኮ ደግሞ ከስዊድን የሚደወለውን ቁጥር አይተው የማጭበርበሪያ ጥሪ መስሏቸው ስልኩን ዘግተው ተኙ። ሦስተኛው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 የሰውነትን ወታደሮች የሚገታ ሕዋስ አለ ብለው ሲጽፉ፣ ርዕሱ በሊቃውንቱ ዘንድ የሞተ ጉዳይ ነበር።

ከሀገራችንም አንድ እንጥቀስ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ጎን፣ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም አለ፤ በ1970 ገደማ ሥራ ጀመረ። ስሙ በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኙት የኖርዌዩ ሐኪም ስም ነው። ባክቴሪያው እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ አይበቅልም፤ ስለዚህ የሕመምተኛው ደም አንዱ የጥናት መንገድ ነው። ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቻቸው በ1971 በጽኑ የታመሙት ሰዎች ደም ውስጥ ይህን ባክቴሪያ የሚያውቁ ነጭ ሕዋሳት እንደማይዘዋወሩ ጻፉ። በ1973 ደግሞ ከሕመምተኞች ጋር የሚውሉ ጤነኞች ሕዋሳት ባክቴሪያውን እንደሚያውቁት አሳዩ። ብዙ ሰው ተጋልጦ ሳይታመም ያልፋል ማለት ነው፤ ሕመምተኛውን ከሰፈር አውጥቶ ለሚያባርር ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ጎዳል ኋላ ጋቪ የሚባለውን የክትባት ጥምረት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው መርተዋል። ልጅዎ ጤና ጣቢያ የተከተበው ክትባት በጋቪ ድጋፍ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ውሻዋን አልረሳናትም። የኢሚዩኖሎጂ ተመራማሪዋ ፖሊ ማትዚንገር በ1978 የመጀመሪያ ጽሑፎቻቸውን ሲያወጡ «ተሠራ፣ ታየ፣ ተገኘ» የሚለውን ባለቤት አልባ አጻጻፍ ጠሉት። «እኔ» ማለት ደግሞ ለጀማሪ ድፍረት ነው። «እኛ» ለማለት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ጋላድሪየል ሚርክውድ የምትባል ተባባሪ ጻፉ፤ ጽሑፉም በጣም ከተከበሩት መጽሔቶች በአንዱ ላይ ወጣ። ሚርክውድ ፀጉረ ረጅም የአፍጋን ሀውንድ ውሻቸው ነበረች። ሲታወቅ አዘጋጁ ተቆጥተው እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ የማትዚንገር ሥራ በመጽሔቱ እንዳይወጣ እንዳደረጉ ይነገራል። ማትዚንገር ኋላ በ1994 ሰውነት የሚቆጣው ባዕድ ስላየ ሳይሆን ጉዳት ስለተሰማው ነው የሚል ሐሳብ አውጥተው በሺዎች ተጠቅሰዋል። የሚርክውድም ጽሑፍ እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ አለ፣ ይጠቀሳልም። ኤች-ኢንዴክሷ 1 ነው።